የግፊት መድኃኒትን ሳያቋርጡ ለመውሰድ የሚረዱ የሞባይል መተግበሪያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መተግበሪያው ምን ይሠራል?

ዋና ሥራው አራት ነው። መድኃኒት የሚወሰድበት ሰዓት ሲደርስ ያስታውሳል፤ መውሰድዎን ሲነግሩት ይመዘግባል፤ የቀረውን ክኒን እየቆጠረ ሳያልቅ ያሳውቃል፤ በቤት የለኩትን ግፊት ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያስቀምጣል። አንዳንዱ ደግሞ ክኒኑ ሳይወሰድ ሲቀር ለቤተሰብ መልእክት ይልካል። ከዚህ የተረፈው፣ የየዕለቱ ጥቅስም ሆነ የነጥብ ውድድሩ፣ ጌጥ ነው።

ለግፊት ተለይቶ ለምን አስፈለገ?

ራሱን የሚያመው ሰው አስታዋሽ አያሻውም፤ ሕመሙ ራሱ ክኒኑን ያስታውሰዋል። ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ዛሬ ሳይወስድ የዋለ ሰው ዛሬ ምንም አይሰማውም፤ ሕክምናው ደግሞ ዓመታት የሚዘልቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት ባደጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን እንደታዘዘው የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ እንደሆኑ ገልጿል።

በጥናቶች ላይ «በአግባቡ ይወስዳል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከታዘዘለት ቀናት ቢያንስ 80 በመቶውን የወሰደ ሰው ነው። በ30 ቀን ውስጥ 24 ቀን ማለት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በትክክል እየወሰደ ቅዳሜና እሑድን ብቻ የሚዘል ሰው፣ ራሱን ጎበዝ ብሎ ቢያስብም፣ ከዚህ መስመር በታች ነው።

መተግበሪያ መጠቀም ብቻውን ግፊት ያወርዳል?

ያን ያህል አይጠበቅበትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር ያልዋለ 411 ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍሎ፣ ለአንደኛው የማስታወሻ መተግበሪያ ሰጠ። ከ12 ሳምንት በኋላ መተግበሪያ የያዙት ሰዎች በራሳቸው ምላሽ ሲመዘን የመድኃኒት አወሳሰዳቸው በጥቂቱ ተሻሽሏል። የላይኛው የግፊት ቁጥር ግን በእነሱ ላይ በ10.6፣ መተግበሪያ ባልያዙት ላይ በ10.1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (ግፊት የሚለካበት አሃድ) ወረደ። ልዩነት አለ ለማለት አያስደፍርም።

ከዚህ የተሻለ ውጤት የታየው የተለካው ቁጥር ሐኪም ዘንድ ደርሶ መድኃኒቱ እንዲስተካከል ባደረገባቸው ሙከራዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 622 ታካሚዎችን አሳትፏል። ከፊሎቹ በቤት የለኩትን በኢንተርኔት እያስገቡ፣ ቁጥሩ አልወርድ ሲል ሐኪማቸው መድኃኒቱን እንዲቀይር ተደረገ፤ ከዓመት በኋላ የላይኛው ቁጥራቸው ከተለመደው ክትትል በ3.4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ አላርሙን ብቻ ከጫኑ የመተግበሪያውን ግማሽ ጥቅም ትተውታል።

ለማን ይጠቅማል? ለማንስ አይጠቅምም?

ለሚረሳ ሰው ይጠቅማል። መድኃኒት ገና ለጀመረ፣ በፈረቃ ለሚሠራ፣ በተለያየ ሰዓት ሦስትና አራት ዓይነት ክኒን ለሚውጥ ሰው ጥሩ ረዳት ነው።

እያወቀ ለሚተው ሰው ግን አላርም መፍትሔ አይሆነውም። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፤ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያመላልሳል። በሳል የተሰላቸ ሰው ስልኩ ሦስት ጊዜ ቢጮህ ሳሉ አይቆምለትም። እንዲህ ያለውን ችግር ለሐኪም ሲናገሩ መፍትሔ ይገኛል፦ ኢናላፕሪል የሚያስለው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሎሳርታን ይዛወራል፤ ለእግር እብጠት መጠን ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። የክኒኑ ብዛት ለሚያስመርረው ደግሞ ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን የያዘ ዝግጅት አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያም ይህን ይመክራል። ሁለት አላርም ከማስተካከል አንድ ክኒን መቀነስ ይበልጣል።

ስመርጥ ምን ልመልከት?

ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን በመጀመሪያ ይፈትሹ፤ ዳታ ሲጠፋ ዝም የሚል አስታዋሽ አስታዋሽ አይደለም። መልስ እስኪሰጡት በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው የሚደግም፣ «ዘልዬዋለሁ» ሲሉት ምክንያቱን የሚቀበል፣ የግፊትና የልብ ምት ቁጥር የሚመዘግብ፣ መዝገቡን በፒዲኤፍ የሚያወጣ ከሆነ በቂ ነው። ዕድሜ ለገፋ ሰው ፊደሉ ትልቅ ይሁን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ወይም አንድ ቀን እያለፈ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ያንን መቀበሉን ይሞክሩ፤ ብዙ መተግበሪያ የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው።

አይፎን ካለዎት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከመጣው አይኦኤስ 16 ጀምሮ ከስልኩ ጋር የሚመጣው የጤና መተግበሪያ መድኃኒት የማስታወስ አገልግሎት አለው፤ ሌላ መፈለግ ላያስፈልግዎት ይችላል። በቀን አንድ ክኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ደግሞ በስልኩ ተራ አላርም ላይ የመድኃኒቱን ስም ቢጽፍ አይሳሳትም።

እንዴት ላስተካክለው?

የመድኃኒት ካርቶኖችንና ማዘዣውን ጠረጴዛ ላይ ሰብስበው ይጀምሩ። በቃልዎ የሚያስታውሱትን አይጻፉ፤ ከካርቶኑ ላይ ይገልብጡ። ንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ያስገቡ፣ ለምሳሌ «አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም»። ፋርማሲው በሚቀጥለው ወር የሌላ ፋብሪካ ምርት ሲሰጥዎት የንግድ ስሙ ይለወጣል። ያን ጊዜ አዲስ መድኃኒት መስሏቸው ሁለተኛ መስመር የሚከፍቱ ሰዎች አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም መውሰድ ይጀምራሉ። የክኒኑ ጉልበት ሲለወጥም እንደዚሁ ነው፦ ባለ 5 ሚሊ ግራሙን ሁለት ሲወስዱ ቆይተው ባለ 10 ሚሊ ግራም ከተሰጠዎት፣ መተግበሪያው ላይ ያለው «2 ክኒን» በዚያው ቀን ወደ 1 መቀየር አለበት። ግማሽ ክኒን የታዘዘለት ሰው 0.5 ብሎ ያስገባል።

ሰዓቱን ሲመርጡ ራስዎን የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ በዚህ ሰዓት ከክኒኑ አጠገብ እሆናለሁ? አላርሙ መንገድ ላይ ሲጮህ «ቤት ስገባ» ብለው ያጠፉታል፤ ቤት ሲገቡ ይረሱታል። ክኒኑ ከተቀመጠበት ቦታ በየቀኑ የሚያደርስዎት ነገር ካለ፣ ጥርስ መቦረሽም ይሁን ቁርስ ማቅረብ፣ ከዚያ ጋር ያያይዙት። በአንድ ሰዓት የሚወሰዱትን ሁሉ በአንድ አላርም ሥር ያድርጉ። ስልኩ ላይ 7:00 የሚለው የጠዋቱ ይሁን የማታው ደግመው ይዩ፤ በሌሊት የሚጮህ አስታዋሽ በሁለተኛው ቀን ይጠፋል።

ከዚያ እጅዎ ላይ ያለውን ክኒን ቆጥረው ያስገቡና የሰባት ቀን ሲቀር እንዲያሳውቅዎት ያዙት። በቀን አንድ የሚወስድ 7 ላይ፣ በቀን ሁለት የሚወስድ 14 ላይ ማለት ነው። ሰባት ቀን ማዘዣ ለማሳደስና አንድ ፋርማሲ ቢያጣው ሌላ ለመሞከር ይበቃል።

በመጨረሻ ይፈትኑት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚጮህ አላርም ሞልተው፣ ስክሪኑን ቆልፈው ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ካልተሰማ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሂዱ።

አላርሙ መጮህ አቆመ። ለምን?

ሰው መተግበሪያውን የሚተውበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመተግበሪያው ሳይሆን የስልኩ ነው።

አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከጀርባ ያሉ መተግበሪያዎችን ያስተኛል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የመተግበሪያውን ስም ይፈልጉ፣ ባትሪ የሚለውን ይክፈቱና ያለ ገደብ እንዲሠራ ይፍቀዱለት። አንዳንድ አምራቾች የራሳቸውን ተጨማሪ ባትሪ ቆጣቢ ስለሚጭኑ በሁለት ቦታ መፍቀድ ሊያስፈልግ ይችላል። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ መተግበሪያው ኖቲፊኬሽን ለመላክ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ በመጀመሪያው ቀን «አልፈቅድም» ብለው ተጭነው ከነበረ ዝም ይላል። በአንድሮይድ 12 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ደግሞ «አላርምና ማስታወሻ» የሚባል ለብቻው የሆነ ፈቃድ አለ፤ እሱ ከሌለ አላርሙ ይዘገያል። ለወራት ሳይከፈት የቆየ መተግበሪያ ፈቃዶቹን ስልኩ በራሱ ሊነጥቀው ስለሚችል፣ ሲያስታውሱ ገባ ብለው ይዩት።

በአይፎን «አትረብሹኝ» ወይም የትኩረት ሁነታ በርቶ ከሆነ ማስታወሻው በጸጥታ ያልፋል፤ መተግበሪያውን ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር፦ አይፎን ከአንድ መተግበሪያ አስቀድሞ የተያዙ 64 ማስታወሻዎችን ብቻ ይይዛል። በቀን አራት ማስታወሻ፣ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ እንዲጮህ ከተሞላ፣ መተግበሪያው ሳይከፈት ስምንት ቀን ከቆየ ወረፋው ሊያልቅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በየሁለትና ሦስት ቀኑ መክፈት።

ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ አንዳንዱ መተግበሪያ እስኪከፈት ድረስ አይነሳም። የኖቲፊኬሽን ድምፅም ከጥሪ ድምፅ የተለየ ማስተካከያ አለው፤ ጥሪው ይጮሃል፣ ማስታወሻው ግን ዜሮ ላይ ሊሆን ይችላል።

«ወስጃለሁ» የሚለውን ተጭኜ ሳልወስድ እቀራለሁ። ምን ይሻላል?

አላርሙን ለማቆም ሲባል እጅ በልማድ ይጫነዋል። ጥቂት ከቆየ በኋላ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ክኒኑ ተውጦ ውኃው እስኪጠጣ አይጫኑ። ጊዜ ካልተመቸዎት «ቆይተህ አስታውሰኝ» የሚለውን ይጠቀሙ፤ እሱ ሐቀኛ መልስ ነው። ድምፁ ከተለመደና መስማት ካቆሙ በየወሩ ይቀይሩት።

ወስጄ እንደሆን አላስታውስም። ስልኩ ላይም አልመዘገብኩም።

ለዚህ ከማንኛውም መተግበሪያ የሚበልጠው የሰባት ቀን ክፍል ያለው የክኒን ሳጥን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ይሞላል፤ የዛሬው ክፍል ባዶ ከሆነ ተወስዷል፣ አለቀ። ስልኩ የሚያውቀው የነገሩትን ነው፤ ሳጥኑ ግን የሆነውን ያሳያል። ሁለቱ ሲጋጩ ሳጥኑን ይመኑ።

ሳጥን ከሌለና እርግጠኛ ካልሆኑ፣ በአብዛኛው የግፊት መድኃኒት ላይ አንድ መዝለል ሁለት ከመውሰድ የቀለለ ጉዳት አለው፤ ስለዚህ አይድገሙት፤ የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይውሰዱ። በስህተት ሁለት ጊዜ ወስደው ማዞር፣ ራስን የመሳት ስሜት ወይም የልብ ምት መዘግየት ከመጣ ተቀምጠው ወይም ተኝተው ወዲያው የሕክምና ዕርዳታ ይጥሩ።

ሰዓቱ ካለፈብኝ ምን ላድርግ?

በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ በዚያው ቀን ሲያስታውሱ ይውሰዱት። የሚቀጥለው መውሰጃ ሰዓት ከተቃረበ ያለፈውን ይተዉት። ለማካካስ ብሎ ሁለት በአንዴ መዋጥ የለም።

መድኃኒቶቹ ግን እኩል አይደሉም። አምሎዲፒን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ስለሚፈጅ የጥቂት ሰዓት መዘግየት ብዙም አያናጋውም። ክሎኒዲን በተቃራኒው በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱን ከቀድሞው በላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል የመሳሰሉትንም በድንገት ማቆም፣ በተለይ የልብ ሕመም ላለበት ሰው፣ አደጋ አለው። እነዚህን የሚወስድ ሰው አላርሙን ጮክ ያለ፣ ደጋግሞ የሚጠራ ያድርገው፤ ክኒኑ ሊያልቅ ሲልም ከሰባት ቀን ይልቅ በአሥር ቀን እንዲያሳውቀው ቢያዝ ይሻለዋል።

ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ?

የሚያስታውሱበት ሰዓት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ 21,104 ሰዎችን ያሳተፈ የእንግሊዝ ጥናት ማታ በመውሰድና ጠዋት በመውሰድ መካከል በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ በስትሮክና በተያያዥ ሞት ላይ ልዩነት አላገኘም። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ግን ጠዋት ቢሆን እንቅልፍ አይነሳም። ሰዓቱን ለመቀየር ሲያስቡ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ያማክሩ።

ግፊቴን ለክቼ የማስገባው እንዴት ነው?

የተሳሳተ ልኬት ከሚመዘገብ ባይመዘገብ ይመረጣል፤ ሐኪሙን ወደማያስፈልግ መድኃኒት ይመራዋል። ከመለካትዎ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ስፖርት አይሥሩ። ሽንትዎን ይሽኑ። ጀርባዎ ተደግፎ፣ እግርዎ መሬት ነክቶ፣ ሳይጣመር፣ አምስት ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ። ክንድዎ በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ማሰሪያው በባዶ ቆዳ ላይ እንጂ በልብስ ላይ አይታሰር። ሲለኩ አይናገሩ። ማሰሪያው ለክንድዎ ከጠበበ ቁጥሩን ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል፤ ወፍራም ክንድ ያለው ሰው ትልቅ ማሰሪያ ይግዛ።

ጠዋት መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በመካከላቸው አንድ ደቂቃ እያረፉ ይለኩ። ከቀጠሮ በፊት ባሉት ሰባት ቀናት እንዲህ ካደረጉ፣ የመጀመሪያው ቀን ይተውና የቀሪዎቹ ስድስት ቀናት አማካይ ይወሰዳል። በቤት ልኬት አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው የሚባለው፤ በክሊኒክ የሚታወቀው 140/90 ከዚህ ጋር የሚመጣጠን ነው። የእርስዎ ግብ ከዚህ ዝቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል ሐኪምዎ የነገረዎትን ቁጥር መተግበሪያው ላይ ይሙሉት።

ሁሉንም ቁጥር ያስገቡ። ደስ የማይለውን ትቶ ጥሩውን መርጦ መመዝገብ በጣም የተለመደ ነው፤ መለኪያው በብሉቱዝ በራሱ የሚልክ ሲሆን ይህ ፈተና ይቀንሳል።

ጣቴን ካሜራው ላይ አድርጌ ስልኩ ግፊቴን ይለካልኛል የሚል መተግበሪያ አየሁ።

አይመኑት። እንዲህ ዓይነት አንድ በሰፊው የተሸጠ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲፈተሽ፣ ከፍተኛ ግፊት ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አራት ያህሉን ደህና ናችሁ ብሏቸው ተገኝቷል። በክንድ የሚታሰር፣ ትክክለኛነቱ በገለልተኛ ፍተሻ የተረጋገጠ መለኪያ ይጠቀሙ። የእጅ አንጓ መለኪያ እጁ ከልብ ትክክል ካልተያዘ በቀላሉ ይሳሳታል።

ቁጥሩ 180/120 አለፈ። ምን ላድርግ?

የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መድከም ወይም መደንዘዝ፣ የአንደበት መተሳሰር፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም ግራ መጋባት ካለ ሁለተኛ ልኬት አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ምንም ምልክት ከሌለ አምስት ደቂቃ አርፈው ይድገሙት። አሁንም እዚያው ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ከራስዎ ተጨማሪ ክኒን አይዋጡ። መተግበሪያው ቀይ መብራት ስላበራ ብቻ መደናገጥም ግፊቱን ይጨምረዋል።

እናቴ ስማርት ስልክ አትጠቀምም። ሊሆን ይችላል?

መተግበሪያው የእርስዎ ስልክ ላይ ሊሆን ይችላል። በእሳቸው ስም መዝገብ ይክፈቱ፤ አላርሙ ሲጮህ ደውለው ይጠይቋቸው፤ ሲወስዱ እርስዎ ይጫኑ። «ወስደዋል?» ከማለት «ሳጥኑ ውስጥ የዛሬው አለ?» ቢሏቸው ትክክለኛውን መልስ ያገኛሉ። ተራ ስልክ ካላቸው አጭር የጽሑፍ መልእክትም ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት መረጃ ሰጪ መልእክት ለዓመት የተላከላቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥራቸው ካልተላከላቸው በ2.2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያነሰ ነበር። ትንሽ ናት፤ ግን ከምንም ትሻላለች።

ለቤተሰብ የሚላክ ማስጠንቀቂያ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይበራ። እንደሚጠበቅ የተሰማው ሰው ሳይወስድ «ወስጃለሁ» ማለት ይጀምራል።

ቁጥሬ ስለተስተካከለ አላርሙን ላጥፋው?

ቁጥሩ የተስተካከለው ስለሚወስዱት ነው። መድኃኒት መቀነስም ሆነ ማቆም የሐኪም ውሳኔ ነው። ሳይቆዩ መደወል የሚገባባቸው ጊዜያት ግን አሉ። ኢናላፕሪልን፣ ሎሳርታንን ወይም መሰሎቻቸውን የምትወስድ ሴት ካረገዘች ወይም ለማርገዝ ካሰበች መድኃኒቱ ፅንሱን ስለሚጎዳ ቶሎ መቀየር አለበት። ከባድ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው፣ በተለይ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንደዚሁ ሐኪሙን ይጠይቅ።

መረጃዬ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 24 የመድኃኒት መተግበሪያዎችን ሲፈትሽ 19ኙ የተጠቃሚዎችን መረጃ ለሌሎች ያስተላልፉ ነበር። የመድኃኒት ማስታወሻ የስልክ ማውጫዎን፣ የሚገኙበትን ቦታ ወይም ማይክሮፎን የሚያስፈልገው ምክንያት የለም፤ ከጠየቀ ይከልክሉት። ያለ ምዝገባ የሚሠራና መዝገቡን በስልኩ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ይመረጣል፤ ጉዳቱ ስልኩ ሲጠፋ መዝገቡም አብሮ መጥፋቱ ነው። በወር አንድ ጊዜ ፒዲኤፉን አውጥተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

ሐኪም ዘንድ ስሄድ ምን ላሳይ?

ሐኪሙ የሦስት ወር ግራፍ በስልክ ስክሪን ላይ ለማገላበጥ ጊዜ የለውም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ የሰባቱ ቀን ልኬትና አማካዩ፣ ባለፈው ወር የዘለሉት ቀናት ብዛት ከነምክንያቱ። ለሕመም ብለው የወሰዱት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ካለ ያንንም ይጻፉ፤ ግፊት ይጨምራሉ። የዘለሉትን ቀን አይደብቁ። በወር አሥር ቀን የዘለለ ሰው ግፊቱ ባይወርድ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ መድኃኒቱ ደከመ ብሎ መጠኑን ይጨምረዋል፤ ሰውየው በሚቀጥለው ወር ሁሉንም በሰዓቱ የወሰደ ዕለት ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ ከአልጋ ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል።